አያት በቴሌቪዥን መስኮት

በመንዝ ደጋ ማታው ይረዝማል። በጎቹ ከገቡ፣ በሩ ከተዘጋ፣ ገብሱ ተቆልቶ ከቀረበ በኋላ ልጆች በባና ተጠቅልለው ምድጃውን ይከባሉ። «ተረት ተረት» ይላሉ አያት፤ «የላም በረት» ይላሉ ልጆች። ከዚያ ጅብ ይገባል፣ አህያ ትከተላለች፣ ጦጣ ነገር ልትሠራ ብቅ ትላለች። ልጆቹ ተረቱን ከዚያ በፊት ደጋግመው ሰምተውት ይሆናል፤ ግድ የላቸውም። የሚጠብቁት ጅቡ ዛሬ በምን ድምፅ እንደሚናገር ነው። በግሼም፣ ከጀማ ሸለቆ በላይ በመርሐ ቤቴም ነገሩ ያው ነው።

ይህን የምድጃ ዳር ጥበብ ወስደው ለሀገር ያሳዩት ሰው መንዜ አልነበሩም፤ የባሌ ልጅ ናቸው። ሆኖም የተስፋዬ ሳህሉን፣ ልጆች «አባባ ተስፋዬ» ይሏቸው የነበሩትን የቴሌቪዥን ተራኪ፣ ታሪክ በቅጡ ለመተረክ ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ መነሣት ይሻላል፤ አውሬ እየተናገረ ወደ ኢትዮጵያ መድረክ የወጣው በዚህ ምድር ተወላጅ ብዕር ነውና።

ያ ሰው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በ1876 ዓ.ም. በሲያደብር ተወለዱ፤ ገና በልጅነታቸው አድዋ ዘመቱ፤ ከዚያም ሩሲያ ተሻግረው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ተመልሰው አዲስ አበባ ሲገቡ ትያትር እየተባለ የሚታየው ዘፈንና ጭፈራ ሆነባቸው። አውሮፓ ያዩት ሌላ ነበረና «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚለውን ጻፉ። በፈረንሳዊው የተረት ጸሐፊ በላ ፎንቴን መንገድ አውሬዎቹ እርስ በርስ እየተነጋገሩ የሰውን አስተዳደር የሚያሙበት ሥራ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በቴራስ ሆቴል መኳንንቱ ፊት ቀረበ። መኳንንቱም የዋዛ አልነበሩም፤ አንበሳው ማን እንደሆነ፣ ቀበሮው ማንን እንደሚመስል ገባቸው። ትያትሩ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ቤተ መንግሥት ታገደ። ተክለ ሐዋርያት በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት በማርቀቅ ይበልጥ ስማቸው ይነሣል። እኔ ግን ቀበሮ በአማርኛ መድረክ ላይ እንዲናገር ያደረጉበትን ቀን ከዚያ አላሳንሰውም።

ሁለተኛው ሰው ከመንዝ ነው። ከበደ ሚካኤል በገርም ገብርኤል ተወልደው፣ «የትንቢት ቀጠሮ»ን፣ «አኒባል»ን፣ «ካሌብ»ን ጽፈው ለትያትር ቤቶች ከባድ ከባድ ተውኔት አቀብለዋል። ወደ እያንዳንዱ ተማሪ ቤት የገባላቸው ግን «ተረትና ምሳሌ» ነው። የእንስሳቱ ጨዋታ በግጥም ተጠርዞ፣ ልጆች በቃላቸው የሚወጡት መጽሐፍ ሆነ። በዚህም ሥራ ላይ የላ ፎንቴን ጥላ አለ፤ ስንኙ ግን የመንዝ ሰው ስንኝ ነው። በተክለ ሐዋርያት እጅ የመኳንንት ማሽሟጠጫ የነበረው ተረት በከበደ እጅ የልጆች ማስተማሪያ ሆነ ማለት ነው። የቀረው በድምፅና በፊት የሚያወጣው ሰው ነበር።

ተስፋዬ ሳህሉ በሰኔ 1915 ዓ.ም. በባሌ ተወለዱ። የጣልያን ወረራ ሲመጣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነበሩ፤ ያ ትውልድ ልጅነቱን በቅጡ ሳይጨርስ ወደ ጉልምስና የተወረወረ ትውልድ ነው። በዚያው ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ነገር ተጠንስሶ ነበር። መኮንን ሀብተ ወልድ፣ ቤተ ዘመዳቸው ከዚሁ ከሸዋ ከቡልጋ የሆነው፣ ወረራው እየቀረበ ሲመጣ በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ዓላማው ሕዝቡን በንግግር፣ በዘፈንና በቀረርቶ መቀስቀስ ነበር። ጠላት ሲገባ ማኅበሩ ተበተነ፤ ከድሉ በኋላ እንደገና ተሰበሰበ። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት በኩልም የትያትር ጓድ ተመሠረተ። ወጣቱ ተስፋዬ ወደ ጥበብ የገቡት በዚህ በር ነው።

የዚያን ጊዜ ተዋናይ የአንድ ሙያ ሰው አልነበረም። ይተውናል፤ መድረኩ ሲለወጥ ወጥቶ ይዘፍናል፤ መሣሪያ ይጫወታል፤ ቀልድ ያወራል፤ ተመልካቹ ሲሰለች ምትሐት ያሳያል። ተስፋዬ ሁሉንም ያደርጉ ነበር። ይህን የማነሣው ለሙገሳ ብቻ አይደለም። ኋላ ቴሌቪዥን ላይ አንድ ሰው፣ አንድ ወንበርና ጥቂት ሕፃናት ብቻቸውን የፕሮግራሙን ሰዓት መሙላት ሲኖርባቸው የረዳቸው ይኸው ስንቅ ነው።

ከስንቁም ሁሉ የሚበልጠውን ያገኙት በሴት ቀሚስ ውስጥ ነው። ሴት ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ ለሕዝብ መታየቷ በዚያ ዘመን እንደ ነውር ይቆጠር ነበር፤ ወላጅ አይፈቅድም፣ ባልም አይፈቅድም። ተውኔቱ ግን እናት አለው፣ ሙሽራ አለው፣ ባልቴት አለው። ስለዚህ ወንዶች ሻሽ አስረው፣ ነጠላ ተከናንበው ይወጡ ነበር፤ ከነዚያ ሁሉ ስሙ የወጣው የተስፋዬ ነው። እንዲያውም «የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሴት ተዋናይ ወንድ ነበረች» የሚለው ጨዋታ እስከ ዛሬ የሚነሣው እሳቸውን በማሰብ ነው። ጨዋታው ያስቃል፤ ሥራው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሴት ሆኖ ለመተወን ጉርድ ቀሚስ ማጥለቅ አይበቃም፤ ሴቶች ሲነጋገሩ ቁጭ ብሎ መስማት፣ ትንፋሹን፣ አንገት አሰባበሩን፣ ነጠላ አጣጣሉን ማጥናት ይጠይቃል። ሌላውን ፍጥረት በትክክል ሆኖ መናገርን የተማሩት እዚያ ይመስለኛል። ሴት ሆኖ የተናገረ ሰው አህያ ሆኖ ለመናገር አይቸገርም። አስናቀች ወርቁና ጓደኞቿ ደፍረው መድረኩን ሲይዙ ወንዶቹ ቀሚሱን አወለቁ፤ ድምፁ ግን አብሯቸው ቀረ።

በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደ ኮርያ ዘመተ። ወታደሩ ከሀገሩ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በማያውቀው ብርድ በማያውቀው ተራራ ላይ ሲዋጋ የሚያጫውተው የሀገሩ ሰው ያስፈልገው ነበርና ከያንያን ተላኩለት። ተስፋዬ ሳህሉም ከሄዱት መካከል ነበሩ። ለወታደር ማጫወት ለትያትር ቤት ታዳሚ ከማጫወት ይለያል፤ ነገ ይሙት ይኑር የማያውቅ ሰው በማስመሰል አይስቅም። ከዚያ የተመለሰ ተዋናይ ሕፃናት ፊት መቅረብ አያስፈራውም፤ ሕፃናትም እንደ ወታደሩ ናቸው፣ ካልጣማቸው ለይሉኝታ ብለው አያጨበጭቡም።

በ1948 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የነገሡበት 25ኛ ዓመት ሲከበር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ተመረቀ። ሕንፃው ጣልያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ሊሉት ጀምረው ያልጨረሱት ነበር፤ ደጃፉ ላይ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የቀረጸው ታላቁ የድንጋይ አንበሳ ቆመ። መክፈቻው የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ጓድ ወደዚህ ገባ፤ ተስፋዬም አብረው። እዚህ ቤት ውስጥ ለዓመታት በበርካታ ተውኔቶች ሠርተዋል፤ ዝርዝሩን አልፈዋለሁ፤ የዚያ ዘመን የመድረክ ሥራ መጋረጃው ሲወርድ አብሮ ይወርድ ነበርና ዛሬ ከፖስተርና ከሽማግሌዎች ትዝታ በቀር እምብዛም አልተረፈልንም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ከሳቸው ቀጥሎ የመጣው ትውልድ፣ እነ ወጋየሁ ንጋቱና እነ ደበበ እሸቱ፣ በዩኒቨርሲቲና በውጭ ሀገር ትምህርት የታነፀ ነበር። ደበበ በ1965 ዓ.ም. በሆሊውዱ «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ላይ እስከ መተወን ደረሰ። የነተስፋዬ ትውልድ ግን ሙያውን የተማረው እየሠራ፣ እየወደቀም ነው።

ቴሌቪዥን የመጣው በጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ የዘውድ በዓል ዕለት። ቶምሰን የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ተከላውን ሠራ፤ ስቱዲዮው አዲሱ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሆነ። ተስፋዬ በማዘጋጃ ቤት የጀመሩትን ሥራ በማዘጋጃ ቤት ሊቀጥሉት ነው። ሥርጭቱ ጥቁርና ነጭ፣ ተመልካቹም በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለ፣ መሣሪያውን መግዛት የቻለ ጥቂት ሰው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን መንዝ ላይ ኖሮ ያጠናውን «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሲያሳትም፣ መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ባላገሮች አፈርሳታቸውን፣ ጽዋቸውን፣ ርስት ሙግታቸውን ይዘው ይኖሩ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የሚያበራ መስታወት መኖሩን የሰማ ሰው በመካከላቸው ቢኖርም እንግዳ ወሬ ነው ብሎ ማለፉ አይቀርም። አንዲት ሀገር፣ ሁለት ዓለም።

የተስፋዬ የሕፃናት ፕሮግራም «የልጆች ጊዜ» ከጣቢያው መከፈት ጋር ተወለደ። አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው፤ አባባ ተስፋዬ ይቀመጣሉ፣ ሕፃናት ፊት ለፊታቸው ይደረደራሉ። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ይላሉ፤ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች ብለው ይመርቋቸዋል፤ ልጆቹም ጤና ይስጥልኝ አባባ ብለው ይመልሳሉ። ቀጥሎ ተረት አለ፣ መዝሙር አለ፣ ከልጆቹ አንዱ ተነሥቶ የሚያወራው አለ። የመንዝ ምድጃ ዳር ሰው ይህን ቢያይ «ይኸማ የኛው ቤት ነው» ማለቱ አይቀርም። «ተረት ተረት» እና «የላም በረት» ቦታ ቀይረው ነው እንጂ ጥሪና መልሱ ያው ነው።

ከባዱ ሥራ ግን አይታይም። የመድረክ ተዋናይ ድምፁን ለመጨረሻው ረድፍ፣ ለፎቁም ጭምር ይልካል፤ ክንዱን በሰፊው ይዘረጋል፤ ቅንድቡን ሲያነሣ ሩቅ ያለው እንዲያይ አጋኖ ነው። ካሜራ ፊት ይህ ሁሉ ጩኸት ይሆናል። ከዚያ ዘመን የመድረክ ሰዎች ቴሌቪዥን ላይ እንደ አዋጅ ነጋሪ እየጮኹ የቀሩ ነበሩ። ተስፋዬ ግን ዝቅ አሉ። አንበሳው ሲያገሳ ያገሳሉ፤ ወዲያው ደግሞ ጦጣዋ በጆሮ እንደምታንሾካሹክ አድርገው ወደ ልጆቹ ያዘነብላሉ፤ ቤት ያለው ልጅም ለሱ ብቻ የተነገረ ይመስለዋል። ፕሮግራሙ በአብዛኛው በቀጥታ የሚተላለፍ ስለነበር የተሳሳተውን ቆርጦ መጣል የለም። ሕፃን ደግሞ ምን እንደሚል አይታወቅም፤ ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ የቤቱን ጉድ ያወጣል። ይህን ሁሉ ሳያኮርፉ፣ ሳያሳፍሩት መልሶ ወደ ጨዋታው ማስገባት ሙያ ነው።

ቅሬታ የለኝም አልልም። ተረቶቹ ምክራቸው ይቸኩል ነበር፤ ጅቡ ገና ሳይወድቅ «ስለዚህ ልጆች…» ይመጣል። ጥሩ ልጅ የሚታዘዝ ልጅ ነው፤ የሚጠይቅ ልጅ በዚያ ተረት ውስጥ ቦታው ጠባብ ነው። የድሮ ተረት የድሮ ንቀትንም ተሸክሞ እንደሚመጣ፣ በአካል ጉዳተኛው፣ በባሪያው፣ በእንጀራ እናቷ ላይ የሚሰነዝረው ነገር እንዳለ፣ ያደገበት ሁሉ ያውቀዋል። ቢሆንም ከዚያ በፊት ለኢትዮጵያ ሕፃን ብሎ የተሰናዳ መደበኛ የቴሌቪዥን ጊዜ አልነበረም። ልጅ «ዞር በል፣ ትልቅ ሰው እያወራ ነው» በሚባልበት ሀገር አንድ ሽማግሌ በየሳምንቱ ተቀምጦ ልጅን ማናገሩ ቀላል ነገር አይደለም።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ያው ጣቢያ ሌላ ነገር አሳየ። ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ የሠራው ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ ምስል ጋር ተቀላቅሎ ቀረበ፤ የሚሞቱት ሰዎች ከግሼ ማዶ፣ ከድንበሩ ባሻገር ያሉ ነበሩ። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ትንሹ መስታወት ምን ማድረግ እንደሚችል ሀገሩ ያየው ያን ማታ ነው። የትያትር ቤቱ ስም ተለውጦ ብሔራዊ ሆነ፤ ዜና አንባቢው «ጓድ» ማለት ጀመረ፤ ብዙ ፊቶች ከመስኮቱ ጠፉ። አባባ ተስፋዬ ቀሩ። አዲሱ መንግሥትም ተረት የሚያወራ አያት ያስፈልገው ነበር ማለት ነው። በ1977 ዓ.ም. መስከረም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ሥርጭቱ በቀለም ሆነ፤ ጥቁርና ነጭ ሆነው የተዋወቁን ሰው ድንገት ቀለም አገኙ።

በከተማ ቴሌቪዥን የሌለው ልጅ ያለው ጎረቤት ዘንድ ሄዶ፣ ጫማውን አውልቆ መሬት ላይ ይደረደራል፤ አንዳንድ ቤት ሳንቲም ያስከፍላል፤ ሳንቲም ያጣ በመስኮት ያሻግራል። ደጋው ላይ ግን ይህ አልነበረም። መንዝና መርሐ ቤቴ ቀድሞ የደረሳቸው ሬዲዮ ነው፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ የሰማ ባላገር ብዙ ነው፤ የአባባ ተስፋዬን ፊት ያየ ግን አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ የሄደ ወይም ሥራ ፍለጋ የወረደ ነው። መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ዓለም ከተማ መብራት እስኪገባላቸው ድረስ ደጋው የራሱን ተራኪዎች ይዞ ቆየ። መብራቱና ቴሌቪዥኑ ሲመጡ አባባ ተስፋዬ ሸምግለው ነበር፤ የደጋው ልጆችም ያገኟቸው እውነተኛ አያት ሆነው ነው። ምናልባት ከአዲስ አበባ ልጆች ይልቅ እነዚህ ሳይጠቀሙ አልቀሩም፤ ተረቱን ከቤት ሰምተውት ነበርና የተዋናዩን ብልኃት ለይተው ማየት ይችሉ ነበር።

ከ1983 በኋላም ፕሮግራሙ ቀጠለ። ሦስት መንግሥት፣ አንድ ተራኪ። ለማነጻጸር ያህል የአሜሪካው «ካፒቴን ካንጋሩ» ከ1955 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. 29 ዓመት ቆየ፤ የፍሬድ ሮጀርስ ታዋቂ የሕፃናት ፕሮግራም ከ1968 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ነበር። «የልጆች ጊዜ» 42 ዓመት ሄዷል። በመካከሉ ተስፋዬ ተረቶቻቸውን በመጽሐፍም አሳትመዋል፤ ይሁንና እንደ ከበደ ሚካኤል የወረቀት ሰው አልነበሩም። ተረታቸው ያለ ፊታቸው ግማሽ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ከጣቢያው ጋር ተለያዩ። የስንብቱ ነገር ብዙ አድናቂዎቻቸውን ቅር እንዳሰኘ ቀርቷል፤ 83 ዓመት የሞላቸው ሰው በክብር ሽኝት መውጣት ነበረባቸው የሚለው ሐሳብ የኔም ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1999 መግቢያ፣ እዚያው ቴሌቪዥን ላይ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ተጀመረ፤ ባለታሪኳ የስድስት ዓመት ቀጭኔ የሆነች አሻንጉሊት ናት። ፕሮግራሙ ከሀገር አልፎ በጃፓን ጭምር ተሸለመ። ከተክለ ሐዋርያት ጀምሮ አውሬው በሰው ጉሮሮ ሲናገር ኖሮ አሁን የራሱን አካል አገኘ፤ ሽማግሌውም ከመካከል ወጣ። ለልጆቹ ይሻላል ወይ ቢሉኝ፣ ለፊደልና ለንጽሕና ትምህርት አዎን፤ ለጅቡ ድምፅ ግን አይመስለኝም።

አባባ ተስፋዬ በሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ፤ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ቴሌቪዥኑ በተከፈተ ዓመት በስድስት ዓመቱ ያያቸው ሕፃን ያን ጊዜ 58 ዓመቱ ነበር፤ ከ«ልጆቻቸው» ብዙዎቹ የልጅ ልጅ አይተው ነበር።